በወረቀት ላይ የሚሣል አኒሜሽን ለምን ይንቀጠቀጣል? ለምንስ ይንሳፈፋል?

ጥያቄ፦ «ከፎቶግራፍ እያየሁ የሰው ፊትና አካል በደንብ እሥላለሁ። በቅርቡ በወረቀት ላይ አኒሜሽን ለመማር ብዬ አንዲት ልጅ ከወንበር ተነሥታ ወደ መስኮት ስትሄድ የሚያሳይ የ10 ሰከንድ ትዕይንት በ120 ሥዕሎች ሠራሁ። ወረቀቶቹን በመስኮት መስታወት ላይ እየደረብኩ፣ እያንዳንዱን ሥዕል ከእሱ በፊት ካለው እየገለበጥኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ሣልኳቸው። ስልኬን በእጄ ይዤ ፎቶ ካነሣኋቸው በኋላ ሳጫውታቸው ግን ምስሉ በሙሉ ይዘላል፤ ፊቷ ይንቀጠቀጣል፤ አካሄዷም ውኃ ውስጥ ያለች ያስመስላታል። ችግሩ በሰከንድ 24 ሥዕል አለመሣሌ ነው? ውድ የሆነውን የብርሃን ጠረጴዛ (ከሥሩ እየበራ የታችኛውን ሥዕል የሚያሳየውን) ልግዛ ወይስ ወረቀቱን ትቼ በታብሌት ልሥራ?»

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ እንደ አንድ ችግር የቀረቡት ሦስት ነገሮች ምንጫቸው የተለያየ ነው። ምስሉ በሙሉ የሚዘለው ወረቀቱም ካሜራውም በአንድ ቦታ ስላልጸኑ ነው። ፊቷ የሚንቀጠቀጠው ሥዕሎቹ በተገለበጡበት ቅደም ተከተል የተነሣ ነው። አካሄዷ የሚንሳፈፈው ደግሞ በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመሳሳይ በመሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ ቀን ማስተካከል ይቻላል። ሦስተኛው ግን ሊማሩት የተነሡት ሙያ ራሱ ስለሆነ ወራትን ይጠይቃል፤ የሥዕሎቹን ቁጥር ማብዛትም ሆነ ውድ ዕቃ መግዛት እሱን አይነካውም።

በሰከንድ 24 የሚለው ቁጥር የፊልም እንጂ የሥዕል ቁጥር አይደለም። ድምፅ ያለው ፊልም በ1920ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲስፋፋ የፊልሙ ፍጥነት በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ላይ ጸና፤ አኒሜሽን ሠሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያነሡት ለአንድ ሰከንድ የሚበቃቸው 12 ሥዕል ነው። እርስዎም የሣሉት በዚሁ ልክ ነው። አንድ ሥዕል ለሦስት ፍሬም የሚቆይበት፣ ማለትም በሰከንድ 8 ሥዕል ብቻ የሚበቃበት ሥራም ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ ፍሬም የራሱን ሥዕል ማዘጋጀት የሚያስፈልገው እንቅስቃሴው በጣም ፈጣን ሲሆን ወይም ካሜራው ከገጸ ባሕሪው ጋር አብሮ ሲጓዝ ነው። 120ዎቹን ሥዕሎች 240 ቢያደርጓቸው ልጅቷ ይበልጥ ልስልስ ብላ ትንሳፈፋለች እንጂ አትራመድም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማብራሪያ መታረም አለበት። «ምስሉ ዓይናችን ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ስለሚቆይ ሥዕሎቹ ተያይዘው ይታዩናል» ይባላል፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የምናየው እንቅስቃሴ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ የተደራረበ ዝብርቅርቅ መስመር በሆነ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማክስ ቨርትሃይመር በ1912 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በሁለት ቦታ ተከታትሎ የታየን ነገር «ከዚህ ወደዚያ ሄደ» ብሎ የሚያነበው አእምሮ ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜና ርቀት ሲመጣጠን ነው። ጊዜውን ካሜራው ይወስነዋል፤ ለእርስዎ እጅ የቀረው ርቀቱ ነው። ተመልካቹ ክብደትን፣ ጥድፊያንና ድካምን የሚረዳው በዋናነት ከእሱ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ርቀቱን በሚገባ ለመቆጣጠርና ሌላው ጉድለት እንዳይሸፍነው ለማድረግ የታሰበ ነው።

ከመዝለሉ እንጀምር። የወረቀት ጠርዝ መመሪያ ሊሆን አይችልም፤ ከአንድ እሽግ የወጡ ወረቀቶች እንኳ በአቆራረጣቸው በጥቂቱ ይለያያሉ፣ ጠርዛቸውም በእጅ ሲነካ ይታጠፋል። 20 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ሥዕል ላይ የ1 ሚሊሜትር መዛነፍ 1 ሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ 5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በየሥዕሉ በተለያየ አቅጣጫ ሲከሰት ደግሞ ዓይን ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን ብቻ ይከተላል። የካርቱን ሠዓሊው ዊንዘር ማኬይ በ1914 የዳይኖሰር ፊልሙን ሲሠራ የጀርባው ገጽታ ሳይቀር በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ እንደገና ይሣል ስለነበር ወረቀቶቹን የሚያገጣጥመው በማዕዘኖቻቸው ላይ በተደረጉ ምልክቶች ነበር። በዚያው ዘመን ሌላው አኒሜሽን ሠሪ ራውል ባሬ የተጠቀመበት መላ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጸንቷል፤ ወረቀቱን መብሳትና ቀዳዳዎቹን ቋሚ በሆኑ አጫጭር ዘንጎች ላይ መሰካት። ይህ ዕቃ ፔግ ባር ይባላል።

በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ፔግ ባር መሐሉ ላይ አንድ ክብ፣ ግራና ቀኙ ላይ አንዳንድ ጠፍጣፋ ዘንግ ያለው ሲሆን የራሱን መብሻ ወይም አስቀድሞ የተበሳ ወረቀት ይፈልጋል። ይህን አሁን አይግዙ። በየቢሮው የሚገኘው ባለ ሁለት ቀዳዳ የወረቀት መብሻ የሚበሳቸው ቀዳዳዎች ስፋታቸው 6 ሚሊሜትር፣ ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀትም 80 ሚሊሜትር ነው፤ በዚሁ ልክ ሁለት ክብ ዘንጎች የተተከሉበት ቀጭን ጣውላ ለመማሪያ ይበቃል። ሲበሱ ከአራት ወይም ከአምስት ወረቀት በላይ በአንድ ጊዜ አይበሱ፤ ሲበዙ የታችኞቹ ይንሸራተታሉ። ከጀመሩ በኋላም የፔግ ባሩን ዓይነት ወይም መብሻውን አይለውጡ፤ በአንዱ የተበሳው ወረቀት በሌላው ላይ በትክክል ላይቀመጥ ይችላል።

ካሜራውም እንዲሁ መጽናት አለበት። ፔግ ባሩን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር አጥብቀው፣ ስልኩን ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ እንዲያይ በማቆሚያ ይሰሩት። የትኩረት ነጥቡን፣ የብርሃን መጠኑንና የቀለም ሚዛኑን ይቆልፉ፤ ካልተቆለፉ ስልኩ በየፎቶው የራሱን ግምት ስለሚወስድ ወረቀቱ አንዴ ነጭ፣ አንዴ ግራጫ እየሆነ ይርገበገባል። በመስኮት ብርሃን አያንሡ፤ ደመና ሲያልፍ ይታወቅብዎታል። ስክሪኑን በጣት መንካትም ስልኩን ስለሚያነቃንቀው በጆሮ ማዳመጫው የድምፅ ቁልፍ ወይም በሰዓት ቆጣሪ ያንሡ። ስካነር ካለዎት ፔግ ባሩን በመስታወቱ ጠርዝ ላይ አጣብቆ መጠቀም ይቻላል፤ ቀርፋፋ ቢሆንም ከስልክ የጸና ነው።

የፊቷ መንቀጥቀጥ ከዚህ የተለየ ነው። ሁለተኛውን ሥዕል ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው ሲገለብጡ እያንዳንዱ ግልባጭ የፀጉር ያህል ይስታል፤ ስሕተቱም እየተላለፈና እየተጠራቀመ ስለሚሄድ በ40ኛው ሥዕል ላይ አፍንጫዋ የሌላ ሰው አፍንጫ ይሆናል። መፍትሔው ግልባጭን ከግልባጭ አለመውሰድ ነው። በመጀመሪያ እንቅስቃሴውን የሚሸከሙትን ጥቂት ቁልፍ ሥዕሎች ብቻ ይሣሉ። መካከለኛ ሥዕል ሲሠሩ ሁለቱን ቁልፍ ሥዕሎች ከታች አድርገው፣ ሁለቱንም በአንድነት እያዩ በመካከላቸው ይሣሉ። የማይንቀሳቀሰውን የአካል ክፍል ደግሞ ሁልጊዜ ከአንድና ከዚያው ቁልፍ ሥዕል ብቻ ይገልብጡ፤ ካስፈለገም ለብቻው በአንድ ወረቀት ላይ ሠርተው የሚንቀሳቀሰውን እጅ በሌላ ወረቀት ላይ ይደርቡበት። አኒሜሽን ሠሪው ኤርል ኸርድ በ1914 ለግልጽ የሴሉሎይድ (ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ) ወረቀት አሠራር የፈጠራ መብት የጠየቀው ይህንኑ ድግግሞሽ ለማስቀረት ነበር። በተራ ወረቀት ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ድርብ በላይ አይሞክሩ፤ ብርሃኑ አያልፍም።

ለመንቀጥቀጡ ሌላው ምክንያት ከፎቶግራፍ ባካበቱት ልምድ ውስጥ ያለ ነው። የጉንጭ ጥላን በእርሳስ ማለስለስ ለአንድ ሥዕል ያምራል፤ ጥላውን በ120 ወረቀቶች ላይ እኩል አድርጎ መድገም ግን ማንም አይችልም። እያንዳንዱ ጭረት በየፍሬሙ ቦታውን ስለሚለውጥ ፊቱ የሚፈላ ይመስላል። ጥላውን ሙሉ በሙሉ ይተዉት። የሰለጠነ ዓይንዎ ይጠቅምዎታል፤ አንዱን ሥዕል አጠናቅቆ የማሳመር ልማድዎ ግን ለጊዜው እንቅፋት ነው። በእጅ የተሣለ መስመር ትንሽ መንቀሳቀሱ ግን የዚህ ጥበብ ውበት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ግልባጮችን እያፈራረቁ ቆሞ የሚጠብቅን ገጸ ባሕሪ እስትንፋስ ያለው ማስመሰል ይቻላል። ልዩነቱ እርስዎ ሲፈልጉት መምጣቱና ሳይፈልጉት መምጣቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እርስዎ ከመጀመሪያው ሥዕል ተነሥተው «ቀጥሎ ትንሽ ወደ ፊት» እያሉ ስለሄዱ በየሥዕሉ የተጓዘችው ርቀት እኩል ሆኗል። ክብደት ያለው ነገር ግን በእኩል ርቀት አይንቀሳቀስም፤ ሲነሣ ይዘገያል፣ ሲወድቅ ይፈጥናል፣ ሲያቆም ይረግባል። ይህን ለማየት ከኳስ የተሻለ ነገር የለም፤ የኳስ ልምምድን ለልጆች ነው ብለው ቢዘሉት የሚጎዱት ራስዎን ነው። ከ1.2 ሜትር ገደማ ከፍታ የተለቀቀ ኳስ መሬት ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ፣ ማለትም 12 ፍሬም ይፈጅበታል፤ አንድ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ሲቆይ ይህ 6 እርምጃ ነው። በእኩል ጊዜያት የሚወድቅበት ርቀት እንደ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 እያደገ ይሄዳል። ውድቀቱን በወረቀትዎ ላይ 18 ሳንቲሜትር ካደረጉት ርቀቶቹ ከላይ ወደ ታች 0.5፣ 1.5፣ 2.5፣ 3.5፣ 4.5 እና 5.5 ሳንቲሜትር ይሆናሉ። በማስመሪያ ለክተው በአንድ ወረቀት ዳር ላይ በጭረት ምልክት ያድርጓቸው፤ ከዚያ በየጭረቱ ላይ አንዳንድ ክብ ይሣሉ፣ አንሥተውም ያጫውቱ። በመቀጠል ያንኑ 18 ሳንቲሜትር በ6 እኩል 3 ሳንቲሜትር ከፍለው ይሥሩት። ክቡ አንድ ነው፣ የሥዕሎቹም ቁጥር አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ይወድቃል፣ ሁለተኛው በክር ታስሮ የሚወርድ ይመስላል። የልጅቷ አካሄድ ሁለተኛው ነው።

ኳሱ መሬት ሲነካ መጨፍለቁን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ የሚሳተው ቦታውን ነው። የሚጨፈለቀው በነካበት ሥዕል ላይ ብቻ ነው፤ ከእሱ በፊት ባለው ሥዕል ላይ በሚጓዝበት አቅጣጫ ትንሽ ሊረዝም ይችላል፣ ከሥዕል ወደ ሥዕል ግን ግዝፈቱ መለወጥ የለበትም። ገና ሳይነካ የተጨፈለቀ ኳስ የቀለጠ ይመስላል። ከዚህ በኋላ ያንኑ ክብ እንደ ብረት፣ እንደ ጎማና እንደ ፊኛ እንዲሆን በጭረቶቹ አቀማመጥ ብቻ ይለውጡት። ለሦስቱም ሥዕሉን መለወጥ የተከለከለ ነው።

በሰው ላይም ሥራው ይኸው ነው፤ ጭረቶቹ በየቁልፍ ሥዕሉ ዳር ይጻፋሉ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመርና ሁለቱ ጫፎቹ ሁለቱን ቁልፍ ሥዕሎች ይወክላሉ፤ መካከለኛዎቹ ሥዕሎች የሚውሉበት ቦታ በአጫጭር ጭረቶች ምልክት ይደረግበታል። በመጀመሪያ መሐሉን፣ ቀጥሎ የመሐሉንና የጫፉን መሐል መፈለግ የተለመደ ነው፤ ዓይን ግማሽን በቀላሉ ሲለይ ሲሶን ግን ይስታል። ጭረቶቹ ወደ መጨረሻው ቁልፍ ሥዕል ከተጠጉ እንቅስቃሴው እየረገበ ይቆማል፤ ወደ መጀመሪያው ከተጠጉ ከቆመበት ቀስ ብሎ ይነሣል። እጅ ሲወዛወዝ፣ ራስ ሲዞር ወይም ሰው ሲነሣ መንገዱ ቅስት እንጂ ቀጥታ አለመሆኑንም አይርሱ። በፊትና በኋላ ባለው መዳፍ መካከል ቀጥታ መሐሉን ከወሰዱ ክንዱ በመወዛወዙ መካከል ያጥራል።

የልጅቷን ትዕይንት በዚህ ዓይን እንየው። ሰው ከወንበር ሲነሣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይወጣም። እግሩን ወደ ራሱ ይስባል፣ ደረቱን ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ራሱ በጉልበቱና በእግሩ ጣቶች አቅጣጫ ላይ ሲደርስ ብቻ መቀመጫው ከወንበሩ ይላቀቃል። ስለዚህ ቢያንስ አራት ቁልፍ ሥዕሎች ያስፈልጋሉ፤ ተቀምጣ፣ አዘንብላ፣ መቀመጫዋ ሲላቀቅ እና ቆማ። ከማዘንበሉ ወደ መላቀቁ ያሉት ሥዕሎች መጀመሪያ ላይ ይጠጋጉ፤ ክብደቷ የሚታየው እዚያ ነው። በእርምጃውም እግሩ ሲያርፍና ክብደቷን ሲቀበል መላ ሰውነቷ ትንሽ ዝቅ፣ አንዱ እግር ሌላውን ሲያልፍ ከፍ ማለት አለበት። ራሷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ከሄደ ትንሳፈፋለች፤ የእርስዎን ሥዕሎች ደርበው የራሷን አናት በነጥብ ቢከታተሉት ይህን እንደሚያገኙ እገምታለሁ። ለተለመደ እርምጃ 12 ፍሬም መነሻ ይሁንዎት። በአንድ ቦታ እየተራመደች የሚደጋገም ዑደት ከሠሩ መሬት የረገጠው እግር በየሥዕሉ በእኩል ርቀት ወደ ኋላ ይመለስ፤ እኩል ርቀት ትክክል የሚሆንበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። የዑደቱን የመጨረሻ ሥዕል የመጀመሪያው ግልባጭ አያድርጉት፤ ያ ሥዕል ሁለት ጊዜ ስለሚታይ በየዙሩ ለአፍታ ትገታለች።

ስለ ብርሃን ጠረጴዛው ምላሼ አጭር ነው፤ ውዱን አይግዙ። የመስኮት መስታወት ለመገልበጥ ያገለግላል እንጂ ለአኒሜሽን አይመችም፤ ክንድ ይዝላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረቀቱን ማገላበጥ አይቻልም። ስስ የሆነ የኤልኢዲ የብርሃን ሰሌዳ ከፔግ ባሩ ጋር ይበቃል። ብርሃኑን የሚያሳልፍ፣ በካሬ ሜትር ከ70 እስከ 80 ግራም የሚመዝን ተራ ወረቀት ይጠቀሙ፤ ለንድፉ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እርሳስ፣ ለመጨረሻው መስመር ጥቁር እርሳስ ይያዙ። በየወረቀቱ ጥግ ላይ ቁጥር ይጻፉ፤ የቁልፍ ሥዕሎቹን ቁጥር ያክብቡ፤ የትኛው ሥዕል ለስንት ፍሬም እንደሚቆይም በሠንጠረዥ ይመዝግቡ። አምፖልን ከመስታወት ሥር አስገብተው የራስዎን ጠረጴዛ ሊሠሩ ካሰቡ በጣም የሚሞቅ አምፖል አይጠቀሙ። ሁልጊዜ በርቶ የሚሠራ ብርሃንም ዓይንን ስለሚያደክም ለመገልበጥ ካልሆነ በቀር ያጥፉት።

ብርሃኑ ሲጠፋ ዋናው መሣሪያ ጣት ነው። ፔግ ባሩን ከሥዕሉ ግርጌ አድርገው፣ አምስት ወረቀቶችን ሰክተው፣ የላይ ጫፎቻቸውን በግራ እጅ ጣቶች መካከል ይዘው በተራ እያወረዱና እያነሡ እንቅስቃሴውን ገና ሲሣል ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ጣቶች እምቢ ይላሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳያስቡት ይሄዳሉ። ወረቀቱን እንዳይተዉ የምመክርበት ምክንያትም ይህ ነው። ታብሌት ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሥዕሎች በፈዘዘ ቀለም ደርቦ ያሳያል፤ ይህ መስመርን ለማስተያየት ይረዳል፣ የእንቅስቃሴውን ስሜት ግን ለእጅ አያስተምርም። በተጨማሪም እያጎሉ አንዲት ሽፋሽፍት የማሳመር ፈተና ለእርስዎ ዓይነት ሠዓሊ ከባድ ነው። ሆኖም ታብሌት ያነሰ መሣሪያ አይደለም። ዛሬ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በዲጂታል መንገድ ስለሆነ ሙያውን መተዳደሪያ ሊያደርጉት ካሰቡ መሻገርዎ አይቀርም፤ ቀለም መቀባቱንም ከአሁኑ በኮምፒውተር ማድረግ ብዙ ድካም ያድናል።

ከቪዲዮ ላይ ፍሬም በፍሬም መገልበጥ አቋራጭ እንደሚመስልዎ አውቃለሁ። አኒሜሽን ሠሪው ማክስ ፍላይሸር በ1917 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ነው፤ በሠለጠነ እጅ ድንቅ ሥራ ይወጣዋል። ለተማሪ ግን አልመክረውም፤ የትኛው ሥዕል ዋና እንደሆነ ሳይመርጡ ሁሉንም በእኩል ስለሚገለብጡ ውጤቱ መልሶ ይንሳፈፋል። ቪዲዮውን ለመቁጠሪያ ይጠቀሙበት፤ መቀመጫዋ በስንተኛው ፍሬም እንደተላቀቀ፣ ራሷ የት እንደነበረ ይመዝግቡ፣ ከዚያ ቪዲዮውን ዘግተው ይሣሉ።

የጊዜውንም ነገር በግልጽ ልንገርዎ። ለአንድ ንድፍ 10 ደቂቃ ቢበቃ 120 ሥዕሎች 20 ሰዓት ናቸው፤ ለንጹሕ መስመር በእያንዳንዱ ላይ 20 ደቂቃ ሲጨመር 60 ሰዓት ይሞላል፣ ያውም ለ10 ሰከንድ። ስለዚህ ማንኛውንም ሥዕል ንድፉ ፎቶ ተነሥቶ፣ ተጫውቶና ታርሞ ሳያልቅ ወደ ንጹሕ መስመር አይውሰዱት። ብቻዎን በዚህ መንገድ የእንቅስቃሴን ጊዜና ርቀት መማር ይችላሉ፤ ስክሪኑ ስሕተትዎን ወዲያው ይነግርዎታል። ራስ ሲዞር ግዝፈቱ ሳይለወጥ መሣልን ግን ከፎቶግራፍ አያገኙትም፤ እየተንቀሳቀሱ ያሉ ሰዎችን በፍጥነት መንደፍ ጎን ለጎን መሄድ አለበት።

ምክሬ ይህ ነው። ፔግ ባሩንና የስልክ ማቆሚያውን ዛሬ ያዘጋጁ። ኳሱን፣ ከዚያ ጭራ ያለው ፔንዱለም (ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ነገር)፣ ከዚያ ፊት የሌለው የመስመር ሰው ከወንበር ሲነሣ፣ በመጨረሻ የእርምጃ ዑደት በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩ፤ አንዱ ሳይስተካከል ወደ ቀጣዩ አይለፉ። ከዚያ በኋላ ወደ ልጅቷ ሲመለሱ መራመዱን ለሌላ ትዕይንት አቆይተው መነሣቷን ብቻ በ2 ሰከንድ ይሥሩት። ለዚህ የሚያስፈልጉት 24 ሥዕሎች ናቸው፤ ከ120ዎቹ ውስጥ ተቀምጣ፣ አዘንብላ፣ ስትላቀቅና ቆማ የሚታይባቸውን አራቱን መርጠው በተበሳ ወረቀት ላይ ያለ ጥላ መልሰው ይሣሏቸው፤ ሌሎቹን 20 ከነሱ መካከል ያወጧቸዋል።